እንጨቱን አወደስን፤ እጁን ናቅን

ወዳጆቼ፣ የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። ቡናችሁን ያዙና ተረጋግታችሁ አንብቡት። የምትቃወሙኝ ብዙ እንደምትሆኑ አውቃለሁ፤ ግን አንብባችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ተቃወሙኝ።

ጎንደር ላይ የማሲንቆና የዋሽንት ወግ በተነሣ ቁጥር የማይቀር አንድ ለቅሶ አለ። «ዋንዛው አለቀ፤ የድሮው ድምፅም ከዋንዛው ጋር ሄደ» ይባላል። ሌላው ይቀበልና «ዋንዛ አይደለም፣ ወይራ ነበር እንጂ» ይላል። ሦስተኛው የአንዱን ወጣት ዋሽንት አየት አድርጎ «ይኼማ የመብራት ቱቦ ነው፤ ዋሽንት በሸምበቆ ቀረ» ብሎ ያፌዛል። ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። ከዚያ ሒሳብ ተከፍሎ ወደየቤት ይኬዳል።

እኔን ይህ ለቅሶ ሰልችቶኛል። አንደኛ፣ አብዛኛው እውነት አይደለም። ሁለተኛ፣ እውነት ባለመሆኑ የሚጎዳ ሰው አለ። ድምፁን የፈጠረው እንጨቱ ነው ባልን ቁጥር ድምፁን የፈጠረውን ሰው ከታሪኩ እናወጣዋለን። ክርክሬ ይኼው ነው።

እስቲ ከሩቅ እንጀምርና ወደ ቤታችን እንመለስ።

በፈረንጆቹ ኦርኬስትራ ውስጥ ኦቦ የሚባል የትንፋሽ መሣሪያ አለ። (ስሙ ከኦሮምኛው የአክብሮት መጠሪያ ጋር ገጠመ እንጂ ዝምድና የላቸውም።) ሙዚቃው ከመጀመሩ በፊት ቫዮሊኑም ቼሎውም የሚቃኘው ኦቦው በሚሰጠው አንድ ድምፅ ነው። ኦቦ በአብዛኛው የሚሠራው ግራናዲላ ከሚባል ጥቁር እንጨት ነው። እጅግ ከባድ ነው፤ አንዱ ሜትር ኩብ 1200 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ውሃ ላይ ብትጥሉት ይሰምጣል። ለዓለም ገበያ በዋናነት የሚቀርበው ከታንዛንያና ከሞዛምቢክ ነው፤ ታንዛንያዎች ምፒንጎ ይሉታል። ይኸው ዛፍ በእኛም አገር አለ። ከጎንደር ደጋ ወደ ምዕራብ ወርዳችሁ መተማና ሁመራ አካባቢ ባለው የቆላ ደን ውስጥ ይበቅላል። እኛ ዘንድ ማገዶና የመሣሪያ እጀታ ይሆናል፤ ባሕር ማዶ በሺዎች ዶላር የሚሸጥ ኦቦ ይሆናል። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ያሉት አባቶቻችን ይህን አይተው ይመስላል።

የኦቦ ተጫዋቾችም ልክ እንደኛ ይከራከራሉ። ግራናዲላ ጠንካራና ጥቁር ድምፅ አለው፣ ሮዝዉድ ለስለስ ይላል፣ ፕላስቲክ ድምፁ የሞተ ነው ይባባላሉ። የእኛ የዋንዛና የወይራ ክርክር የሥጋ ዘመድ ነው። ልዩነቱ፣ እነሱ ዘንድ ነገሩን ቁጭ ብሎ የፈተነ ሰው ተገኝቷል።

ጆን ባከስ የተባለ አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ በ1964 የእንጨት የትንፋሽ መሣሪያዎች ግድግዳ በድምፁ ላይ ያለውን ድርሻ ለካ። ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፤ ግን መንቀጥቀጡ እጅግ ትንሽ ስለሆነ ጆሮ በሚሰማው ድምፅ ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አያመጣም ሲል ደመደመ። በ1971 ደግሞ ጆን ኮልትማን መጠናቸው አንድ የሆነ ሦስት ፍሉቶች አዘጋጀ፤ አንዱ የብር፣ አንዱ የመዳብ፣ አንዱ የእንጨት። አድማጮቹ መሣሪያውን እንዳያዩ፣ ተጫዋቹም የትኛውን እንደያዘ እንዳያውቅ አደረገ። ሙዚቃ የሚያውቁ አድማጮች መለየት አልቻሉም። ተጫዋቾቹም አልቻሉም።

ለምን? ምክንያቱ ከባድ አይደለም። የትንፋሽ መሣሪያ ሲነፋ በዋናነት የሚርገበገበው ቱቦው ሳይሆን ቱቦው ውስጥ ያለው አየር ነው። አየሩ የሚያውቀው ቅርጽን ነው፤ የቱቦውን ርዝመት፣ የውስጡን ስፋት፣ የቀዳዳዎቹን ቦታና መጠን፣ አፍ የሚያርፍበትን ጠርዝ ስለት፣ የውስጡን ልስላሴ፣ የሚያሾልክ ስንጥቅ መኖር አለመኖሩን። ግድግዳው የተሠራበት ዛፍ ስም ምን እንደሆነ አየሩ አይጠይቅም።

በኦቦ ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ተጫዋቹ አፉ ውስጥ የሚያስገባው ሁለት ስስ ስንጥሮች አንድ ላይ የታሰሩበትን ምላስ ነው። ድምፁ የሚወለደው እዚያ ነው። ብዙ የኦቦ ተጫዋቾች ይህን ምላስ በገዛ እጃቸው፣ በቢላ፣ ከፀጉር የቀጠነ ፍርፋሪ እየላጉ ይሠሩታል፤ ዕድሜያቸውን ግማሽ ለዚህ ይሰጣሉ ብል ማጋነን አይሆንም። ስንጥሩ ከምን ይመስላችኋል? ከሸምበቆ። አዎ፣ የእኛ እረኛ ቆርጦ ዋሽንት ከሚያደርገው ከዚያው ከወንዝ ዳር ሸምበቆ ወገን ነው። ውዱ ጥቁር እንጨት ስሙን ይዞ ይዞራል፤ ድምፁን የሚወልደው ግን ርካሹ ሸምበቆና ቢላ የያዘው እጅ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ።

ዋሽንታችን ቀላል መሣሪያ ይመስላል። ሁለት በኩል ክፍት የሆነ ቱቦ፣ ብዙ ጊዜ አራት ቀዳዳ፣ አለቀ። ግን የያዛችሁትን ሸምበቆ ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። ከላይ ሰፋ፣ ከታች ጠበብ ይላል፤ አንዳንዱ ክብ አይደለም፤ ውስጡ አንጓ አለው። ዋሽንት ሠሪው ይህን የተፈጥሮ ጠማማ ነገር ይዞ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልን፣ አንቺ ሆዬን በትክክል የሚያወጣ መሣሪያ ማድረግ አለበት። በጣቱ ይለካል። በጋለ ብረት ይበሳል። ነፍቶ ያዳምጣል፣ ቀዳዳውን በጥቂቱ ያሰፋል፣ እንደገና ያዳምጣል። አንዷ ቀዳዳ ትንሽ ብትዛነፍ አምባሰሉ አምባሰል አይሆንም። ይህን ሁሉ ዕውቀት አንድ ላይ ጠቅልለን «ሸምበቆ ጥሩ ድምፅ አለው» እንላለን! ሸምበቆማ ወንዝ ዳር ሞልቷል። ለምን ሁሉም አይዘፍንም?

የፕላስቲክ ቱቦውስ? የፕላስቲክ ቱቦ ስፋቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ነው፣ በበጋ ደረቅ አየር አይሰነጠቅም፣ በእያንዳንዱ ሰፈር ይገኛል። ችግር የሚኖረው ሠሪው አፍ የሚያርፍበትን ጠርዝ በመጋዝ ቆርጦ እንዲሁ ሲተወው፣ የቀዳዳዎቹን ቦታ ደግሞ ከሌላ ስፋት ካለው ዋሽንት ላይ ዝም ብሎ ሲገለብጠው ነው። ያኔ ድምፁ ይበላሻል። የተበላሸው ግን በፕላስቲኩ ሳይሆን በአሠራሩ ነው። በደንብ የተሠራ የፕላስቲክ ዋሽንት በግዴለሽነት ከተሠራ ሸምበቆ ሲበልጥ ከአንድም ሁለት ጊዜ ሰምቻለሁ።

ይህ የቃላት ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አንድ የወጣቶች የባህል ሙዚቃ ውድድር ላይ ተቀምጬ ሳለ ከገጠር የመጣ ልጅ ዋሽንቱን ገና ከኪሱ ሲያወጣ ከዳኞቹ አንዱ «ይኼ የባህል መሣሪያ አይደለም» ብለው ከመድረክ መለሱት። አንድ ኖታ እንኳ አልሰሙም። ዐይናቸው ፈረደ፤ ጆሯቸው ሥራ ፈትቶ ተቀመጠ። ባህል ማለት ለእኛ ይኼ ሆኗል፤ የሚታይ እንጂ የሚሰማ አይደለም።

«እሺ፣ ዋሽንቱ ይሁንልህ፤ ማሲንቆስ?» ትሉኛላችሁ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ማሲንቆ ላይ ነገሩ ይለያል፤ ምክንያቱም እዚህ መሣሪያው ራሱ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ እንጨቱ ምንም ድርሻ የለውም አልልም። አንገቱ የሚለመጥ ከሆነ ጭራው አይጠብቅም። የሳጥኑ ጣውላ ከወፈረ መሣሪያው ይደነቁራል፤ እርጥብ እንጨት ከሆነ ደግሞ ሲደርቅ ይጣመምና ቆዳው ይላላል። ዋንዛ የተወደደው በከንቱ አይደለም። ለመጥረብ ይመቻል፣ ክብደቱ መካከለኛ ነው፣ በደንብ ከደረቀ ብዙም አያስቸግርም። ይህ ሁሉ እውነት ነው።

ግን ማሲንቆን አገላብጣችሁ እዩት። አራት ጣውላ በሰያፍ ተጋጥሞ ፍሬም ይሆናል፤ ከፊትም ከኋላም ቆዳ ተወጥሮበታል። ብርኩማው የቆመው እንጨት ላይ ነው? አይደለም፤ ቆዳው ላይ ነው። ከፈረስ ጭራው የሚመጣው ንዝረት መጀመሪያ የሚያርፈው ቆዳው ላይ ነው፤ ወደ ጆሯችሁ የሚልከውም በዋናነት ቆዳው ነው። ስለዚህ የማሲንቆን ድምፅ መጠየቅ የፈለገ ሰው መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ቆዳውን ነው። የምን ቆዳ ነው? ማን ፋቀው? ምን ያህል ሳሳ? ሲወጠር እርጥበቱ ምን ያህል ነበር? ክረምት ሲገባ አዝማሪው ማሲንቆውን እሳት ዳር አስጠግቶ የሚያሞቀው ለምን ይመስላችኋል? ዋንዛው ስለበረደው አይደለም፤ ቆዳው ስለላላ ነው። ከቆዳው ቀጥሎ ጭራው አለ፣ ደጋኑ አለ፣ ጭራውን የሚቀባው የዛፍ ሙጫ አለ። እንጨቱ ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ተራውን ይጠብቅ።

በገናን ውሰዱ። ያ ነፍስን የሚያርድ የንብ መንጋ የመሰለ ድምፅ ከየት ይመጣል? ከትልልቆቹ የእንጨት ምሰሶዎች ይመስለናል፤ ዐይናችን የሚያየው እነሱን ነዋ። ድምፁ የሚመጣው ግን በእያንዳንዱ ጅማትና በብርኩማው መካከል ከምትገባው እንዚራ ከምትባል ከትንሽ የቆዳ ቁራጭ ነው። አሥሩንም እንዚራዎች አውጧቸው፤ በገናው ዝም አይልም፣ ግን በገና መሆኑ ያቆማል። እነዚያን ቁራጮች ትንሽ ወደፊት ትንሽ ወደኋላ እያደረገ ልክ ቦታቸውን የሚያገኝላቸው የደርዳሪው እጅ ነው።

አሁን የሚነሣውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ። «ታዲያ ትልልቆቹ ባለሙያዎች ሁሉ በእንጨት የሚምሉት ተሳስተው ነው?» የሚል ነው። መልሴ ይኼ ነው፤ ጆሯቸው አልተሳሳተም፤ ምክንያቱን ሲሰጡ ነው ያሳጠሩት። የዋንዛው ማሲንቆ እውነትም ይበልጥ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ጥሩ እንጨት የሚገባው ማን እጅ ነው? ጥሩ ሠሪ እጅ ነው። የደረቀ ዋንዛ ያገኘ ሰው ሦስት ቀን የሚፈጀውን ሥራ ሰባት ቀን ይሠራዋል። ፍልጥ የሰጣችሁት ሰው ደግሞ እስከ ማታ ጨርሶ ለቱሪስት መሸጫ ያስረክባል። እኛ ሁለቱን አወዳድረን ዋንዛውን እናመሰግናለን። ሰባቱን ቀን የት ጣልናቸው?

በእንጨት የታወቁት ቫዮሊኖች እንኳ ከዚህ አላመለጡም። በ2010 አሜሪካ ኢንዲያናፖሊስ ውስጥ 21 ቫዮሊን ተጫዋቾች ጥቁር መነጽር አድርገው ስድስት ቫዮሊን እንዲሞክሩ ተደረገ። ሦስቱ በሚሊዮኖች ዶላር የሚገመቱ የጥንት ጣልያናዊ ቫዮሊኖች፣ ሦስቱ አዲስ የተሠሩ ነበሩ። ከሁሉ ይበልጥ የተወደደው ከአዲሶቹ አንዱ ሆነ፤ ከሁሉ ያነሰ የተወደደው ከጥንታዊዎቹ አንድ ስትራዲቫሪ ነበር። ዛሬ በሕይወት ያለ፣ ነገም የሚሠራ እጅ አሸነፈ ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ቁስል ልግባ። እኛ ስለ እንጨት ይህን ያህል የምንዘምረው ለምንድን ነው? እኔ እንደሚመስለኝ እንጨቱን ማክበር ስለሚቀልለን ነው። እንጨት ዘር የለውም። እንጨት ሙያው አያሳፍርም። ማሲንቆ እንዲኖር እነማን ያስፈልጋሉ? ቆዳውን የሚፍቀው «ፋቂ» ተብሎ ይሰደብ ነበር። የሚጠርብበትን መጥረቢያና መሮ የሠራለት ቀጥቃጭ «ቡዳ» ይባል ነበር። ብዙ ጊዜ ማሲንቆውን በገዛ እጁ ሠርቶ የሚጫወተው አዝማሪ ደግሞ «ለማኝ» ይባል ነበር። «ነበር» ማለቴም ለጨዋነት ነው። ዛሬም ልጁን ለአዝማሪ ልጅ የማይድር ስንት ሰው በአዝማሪ ቤት ብር ሲለጥፍ ያመሻል!

ጎንደር ይህን ታሪክ ከማንም በላይ ታውቀዋለች። በፋሲል ግቢ ያሉትን ግንቦች ካነጹት እጆች መካከል የቤተ እስራኤል ግንበኞችና አናጢዎች እጅ እንዳለበት የታሪክ ጸሐፊዎች ጽፈዋል። የነገሥታቱን ስም ተራ በተራ እንጠራለን። የአንዱን ግንበኛ ስም ጥሩ ብንባል ግን ዝም ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት በሽታው ምን ያህል ሥር ቢሰድ ነው? ስድቡ ዛሬ ቀንሶ ይሆናል። ስም አለመጥራቱ ግን አለ፤ እሱም ከስድብ አይሻልም።

ከጎንደር ከተማ ብዙም ሳይርቅ ቡርቧክስ የሚባል የአዝማሪዎች መንደር አለ። ማሲንቆ መያዝና መሥራት እዚያ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ነው። ስለ ዋንዛ የሚያለቅሰው ሰው ሁሉ ቡርቧክስ ሄዶ «አባቴ፣ ቆዳውን ስንት ቀን ትነክሩታላችሁ? ጣውላውን ምን ያህል ታሳሱታላችሁ?» ብሎ ጠይቆ ያውቃል? ሽማግሌው ሲያርፉ መልሱ አብሯቸው ይቀበራል። ዋንዛ ቢያልቅ ይተከላል፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም ጥላ ይሰጣል። የሽማግሌውን እጅ ግን ማን ችግኝ ጣቢያ ያፈላልናል?

ደግሞስ ዋንዛን የጨረሰው ማሲንቆ ነው? ዋንዛ፣ ኮሶ፣ ጽድና ዝግባ ከመንግሥት ደን ያለ ፈቃድ እንዳይቆረጡ ገና በ1986 ዓ.ም. በደን አዋጅ ተከልክሏል። የተከለከለው ለበር፣ ለአልጋና ለሶፋ እየተባለ ስላለቀ ነው። የአንድ አልጋ ጣውላ ስንት ማሲንቆ እንደሚወጣው አናጢ ጠይቁ። ዋንዛ በማሳ መካከልና በየጓሮው ዛሬም ቆሞ ታዩታላችሁ። በዋንዛ አልጋ ላይ ተኝተን «ለማሲንቆ ዋንዛ ጠፋ» ብለን ማልቀስ ትንሽ አያሳፍርም?

ስለዚህ ምን ይደረግ? አራት ነገር እላለሁ።

አንደኛ፣ መሣሪያ ስትገዙ «ከምን እንጨት ነው?» ከማለታችሁ በፊት «ማን ሠራው?» በሉ። ሻጩ ካላወቀ አትግዙ። በተለይ ከውጭ አገር የምትመጡ ወገኖቻችን፣ «የድሮ ወይራ ነው» ስለተባላችሁ ብቻ እጥፍ አትክፈሉ። እጥፉን ለሠሪው ክፈሉ፤ ስሙንም ከሳጥኑ ሥር እንዲጽፍ ለምኑት። የቫዮሊኑ ዓለም ከሦስት መቶ ዓመት በላይ የሠሪን ስም ሲጠራ የኖረው ውስጡ የሠሪው ስም ተለጥፎ ስለተገኘ ነው።

ሁለተኛ፣ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትን ጨምሮ ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንትና በገና የሚያስተምሩ ተቋማት መጫወትን እንደሚያስተምሩ ሁሉ መሥራትንም ያስተምሩ። አስተማሪውም ዲግሪ የሌለው የመንደር ሠሪ ይሁን፤ ደመወዙም የአስተማሪ ይሁን።

ሦስተኛ፣ የተለካ ነገር ይኑረን። አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ ባለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የጥንት የሙዚቃ መሣሪያዎች አሉ። በየቤተ ክርስቲያኑና በየሽማግሌው ቤትም አሉ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቻችን የውስጥ ስፋታቸውን፣ የጣውላቸውን ውፍረት፣ የቀዳዳቸውን ርቀት በሚሊ ሜትር ለክተው፣ ሥዕል ሠርተው ለሁሉም በነፃ ያውጡት። ያኔ የድሮው ድምፅ ከዋንዛው ጋር አይጠፋም። በወረቀት ላይ ይኖራል፤ ከወረቀትም ወደ እጅ ይመለሳል።

አራተኛ፣ የውድድር ዳኞች ዐይናቸውን ይጨፍኑ። መጋረጃ ይሰቀል። ልጁ ይንፋ። ጆሮ ይፍረድ። ከኪሱ ያወጣው ሸምበቆ ይሁን ቱቦ ከፍርዱ በኋላ ይታይ።

ለማታምኑኝ ደግሞ ፈተናው ቀላል ነው። ሦስት ዋሽንት አሠሩ፤ አንዱን በሸምበቆ፣ አንዱን በፕላስቲክ፣ አንዱን በብረት። ርዝመታቸው፣ የውስጥ ስፋታቸው፣ ቀዳዳቸውና ጠርዛቸው አንድ ይሁን። አንድ ጎበዝ ተጫዋች ከመጋረጃ ጀርባ አስቀምጡና አንድ ትዝታ በሦስቱም ያስነፉት። እናንተ ደግሞ በወረቀት ላይ መልሳችሁን ጻፉ። ከአሥሩ ስንቱን እንዳገኛችሁ እዚህ ጻፉልኝ፤ እኔም ሳልቆርጥ ሳልቀጥል እለጥፈዋለሁ።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ሦስቱንም እኩል አድርጎ የሚሠራላችሁ ሰው ስትፈልጉ ትደክማላችሁ። ሸምበቆውን ወንዝ ዳር፣ ቱቦውን ከሱቅ፣ ብረቱን ከጋራዥ በአንድ ቀን ታገኙታላችሁ። እጁን ግን በየመንደሩ እየጠየቃችሁ ትዞራላችሁ። ያን ቀን የጠፋው ምን እንደሆነ ይገባችኋል።

ያገኛችሁት ዕለት ስሙን ጠይቁት። ጻፉትም።